ጥገናው ከመጠቅለያው ይጀምራል

ካንሰር ከሚታከምባቸው መንገዶች አንዱ ጨረር ነው። በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ይሁን በሌላ አገር፣ ታማሚው ማሽኑ ሥር የሚተኛው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። በተለመደው አሰጣጥ የአንድ ቀኑ መጠን ሁለት ግሬይ ያህል ይሆናል፤ ግሬይ ሰውነት የተቀበለው ጨረር የሚለካበት አሃድ ነው። አንድ ግሬይ ጨረር በአንድ ህዋስ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ወደ 40 በሚጠጉ ቦታዎች ሁለቱንም ክሮች ይበጥሳል። አንዱን ክር ብቻ የሚነካው ጉዳትማ ወደ ሺህ ይደርሳል። እንግዲህ ታማሚው ከአልጋው ሲነሳ ጨረሩ ያረፈበት እያንዳንዱ ህዋስ፣ የታመመውም ጤነኛውም፣ ዘረመሉ በሰማንያ ያህል ቦታ ተበጥሶ ነው የሚነሳው።

በማግስቱ ሌላ ጨረር እስኪመጣ ድረስ ግን ጤነኞቹ ህዋሳት አብዛኛውን ስብራት ጠግነው ያድራሉ። ሐኪሞች ሕክምናውን በአንዴ ከመስጠት ይልቅ ለሳምንታት ከፋፍለው የሚሰጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጤነኛው ህዋስ ፋታ ሲያገኝ ያገግማል፤ ብዙ የካንሰር ህዋሳት ግን በጥገና ደካሞች ስለሆኑ ጉዳቱ ይጠራቀምባቸዋል።

ጨረር ባይኖርም ዲኤንኤ ከጉዳት ተርፎ አያውቅም። ስዊድናዊው ቶማስ ሊንዳል በ1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ በህዋስ ውስጥ ያለው ውሃ እንኳ ብቻውን በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠር ጉዳት ያደርሳል። (በዚህ ዝግጅት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጉዳቱን የሚጠግኑት ኢንዛይሞች እንዴት እንደሚሠሩ ያብራሩት ሊንዳል፣ አሜሪካዊው ፖል ሞድሪች እና ቱርክ ተወልደው አሜሪካ የሚሠሩት አዚዝ ሳንጃር የ2015ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። የዛሬው ዝግጅት ርዕስ ግን ኢንዛይሞቹ ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት መሠራት ያለበት፣ ሲጨርሱም የሚቀጥል ሌላ ሥራ ነው፤ የዲኤንኤን መጠቅለያ መፍታትና መልሶ መጠቅለል። ይህ ሥራ ለብዙ ዓመታት የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። ሆኖም ያለ እሱ እነዚህ ኢንዛይሞች ጉዳቱ ጋ ለመድረስ ይቸገራሉ።

ነገሩን የሚያከብደው ክሩ ራቁቱን አለመቀመጡ ነው። የአንድ ሰው ህዋስ ዲኤንኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የሚኖርበት ኒውክሊየስ ግን ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ እምብዛም አያልፍም። ክሩ እዚያ ውስጥ የሚገባው፣ ሸማኔ የማጉን ክር በቀሰም ላይ እንደሚያጠነጥነው፣ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ እየተጠመጠመ ነው። ስምንት ሂስቶኖች ተሰባስበው አንድ እምብርት ይሠራሉ። በእምብርቱ ዙሪያ 147 ጥንድ የዲኤንኤ ፊደላት፣ ሁለት ዙር ሊሞሉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ይጠመጠማሉ። ይህ አሃድ ኒውክሊዮዞም ይባላል። በአንድ የሰው ህዋስ ውስጥ ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጉ ኒውክሊዮዞሞች አሉ። ክሩ፣ ሂስቶኖቹና አብረዋቸው ያሉት ሌሎች ፕሮቲኖች ባንድነት ክሮማቲን የሚል ስም አላቸው።

ይህን አሠራር በ1974 ያቀረቡት ሮጀር ኮርንበርግ ናቸው። የኒውክሊዮዞም ዝርዝር ምስል ግን እስከ 1997 ድረስ ጠበቀ፤ በዚያ ዓመት ዙሪክ ውስጥ ካሮሊን ሉገር፣ ቲሞቲ ሪችመንድና ባልደረቦቻቸው በኤክስሬይ አማካይነት አቶሞቹ የት የት እንደተቀመጡ አሳዩ። ምስሉ ላይ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የሂስቶኖቹ ጫፎች ከተጠመጠመው ክር መሀል አልፈው ወደ ውጭ ይወጣሉ። እነዚህ ጫፎች የጉዳት ዜና የሚጻፍባቸው ቦታዎች መሆናቸው ወደ ኋላ ይታያል።

ታዲያ ክሩ እንዲህ ተጠምጥሞ ሳለ ጠጋኙ በየት በኩል ይገባል? ለዚህ ጥያቄ ከመጀመሪያዎቹ ማስረጃዎች አንዱን በ1978 ያቀረቡት ማይክል ስመርደንና ማይክል ሊበርማን የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው። ሙከራቸው ቀላልና ብልህ ነበር። በቤተ ሙከራ ያሳደጉትን የሰው ህዋስ በአልትራቫዮሌት ጨረር መቱት። ቀጥሎ ህዋሱ ለጥገና የሚጠቀምበትን ፊደል ራዲዮአክቲቭ አድርገው ሰጡት፤ አዲስ የተሠራው ቁራጭ የትም ይሁን የት ምልክት ይኖረዋል ማለት ነው። በመጨረሻም ራቁቱን ያለውን ዲኤንኤ የሚበላ፣ በሂስቶን የተያዘውን ግን የማይነካ ኢንዛይም ጨመሩበት። ገና የተጠገነው ቁራጭ በቀላሉ ተበላ። ሰዓታት ቆይተው ሲሞክሩ ግን ያው ቁራጭ እንደ ሌላው ክር ሁሉ ለኢንዛይሙ አልበገር አለ። ጥገናው ሲካሄድ መጠቅለያው ተፈትቶ ነበር፤ ጥገናው ሲያበቃም ተመልሶ ተጠቀለለ። ከዚህ ሙከራ የተነሳው ሐሳብ፣ ማለትም መጀመሪያ መግቢያ መክፈት፣ ከዚያ መጠገን፣ ከዚያም ወደ ነበረበት መመለስ፣ እስከ ዛሬ የዘርፉ መነሻ ሆኖ ቆይቷል።

መጠቅለያው ምን ያህል እንደሚያግድ በቁጥር ያሳየው ሌላ ሙከራ ነው። አዚዝ ሳንጃር ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ በምትገኘው ሳቩር የተወለዱ፣ በሕክምና ተመርቀው በአገራቸው በሐኪምነት ከሠሩ በኋላ ወደ ሞለኪውል ባዮሎጂ ያዘነበሉ ሳይንቲስት ናቸው። በ2000 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በአልትራቫዮሌት የሚመጣውን ዓይነት ጉዳት ያለበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ወሰዱ። ግማሹን ራቁቱን ተዉት፣ ግማሹን በሂስቶን ላይ ጠመጠሙት። ከዚያም የሰው ህዋስ ጉዳትን ቆርጦ ለማውጣት የሚጠቀምባቸውን ኢንዛይሞች ለሁለቱም ሰጡ። በተጠመጠመው ላይ የጥገናው ፍጥነት በራቁቱ ላይ ከታየው ወደ አንድ አስረኛ ገደማ ወረደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስዊች-ስኒፍ የሚባል የፕሮቲን ማሽን አብረው ሲጨምሩ ግን ጥገናው ተሻሻለ።

ስዊች-ስኒፍ ክሮማቲንን ዳግም ከሚያደራጁት ማሽኖች የመጀመሪያው ነው፤ የተገኘበት መንገድም ከጥገና ጋር አይገናኝም። በ1980ዎቹ አንዱ ቡድን እርሾ ጾታውን እንዴት እንደሚለዋውጥ ያጠና ነበር፤ ሌላው ደግሞ እርሾ ሱክሮዝ የሚባለውን ስኳር እንዴት እንደሚጠቀምበት። ሁለቱም በየፊናቸው፣ ሲበላሹ ሥራውን የሚያስተጓጉሉ ዘረመሎችን ለቀሙ። በኋላ ሲመረመር ሁለቱ ቡድኖች የያዙት የአንድ ትልቅ ማሽን ክፍሎችን ሆኖ ተገኘ። ዛሬ እንዲህ ያሉት አደራጆች በአራት ቤተሰብ ይመደባሉ፤ ከስዊች-ስኒፍ ሌላ አይ-ስዊ፣ ሲኤችዲ እና ኢኖ-80 አሉ። ሁሉም የህዋስ ጉልበት የሆነውን ኤቲፒ እያቃጠሉ ይሠራሉ። አንዱ ክሩን በእምብርቱ ላይ እየገፋ ያንሸራትታል፤ ሌላው እምብርቱን ከነጭራሹ ያወጣል፤ ሌላውም አንዱን ሂስቶን አውጥቶ በሌላ ዓይነት ይተካል።

ለህዋስ ከሁሉም የከፋው ጉዳት ሁለቱም ክሮች በአንድ ቦታ ሲበጠሱ የሚመጣው ነው። አንዱ ክር ብቻ ሲጎዳ ሌላው እንደ ዋና ቅጂ ያገለግላል። ሁለቱም ሲበጠሱ ግን ጫፎቹ ሊለያዩ፣ ከዚያም አልፎ ከማይገባቸው ጫፍ ጋር ሊገጣጠሙ ይችላሉ። የዚህ ስህተት ዝነኛው ምሳሌ የፊላደልፊያ ክሮሞዞም ነው። 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ተበጥሰው ቁራጭ ሲለዋወጡ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ዓይነት ይፈጠራል፤ የቁራጭ ልውውጥ መሆኑን በ1973 የለዩት አሜሪካዊቷ ጃኔት ራውሊ ናቸው። የጂኖም፣ ማለትም የህዋሱ መላ ዘረመል፣ መረጋጋት ሲባል እንግዲህ የረቀቀ ጽንሰ ሐሳብ አይደለም። እያንዳንዱ ጫፍ ከገዛ ጓደኛው ጋር መልሶ መገናኘቱ ነው።

ህዋሱ ግን በስድስት ቢሊዮን ጥንድ ፊደላት መካከል አንድ ስብራት መኖሩን በምን ያውቃል? መልሱ የመጣው በ1998 ከአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ነው። ዊልያም ቦነር፣ ኤሚ ሮጋኩና ባልደረቦቻቸው ኤች-2-ኤ-ኤክስ የሚባል የሂስቶን ዓይነት ይመረምሩ ነበር። ይህ ሂስቶን በየኒውክሊዮዞሙ አይገኝም፤ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ብሎ ነው ያለው። ህዋሱ ጨረር ሲያርፍበት በዚህ ሂስቶን ጭራ ላይ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ባለች አንዲት ቦታ፣ ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ይለጠፋል። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል፤ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ከአንድ ስብራት ተነስቶም በሚሊዮን በሚቆጠሩ ፊደላት ርዝመት ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ፎስፌቱን ከሚለጥፉት ፕሮቲኖች ዋናው ኤቲኤም ይባላል። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው ሕፃናት አታክሲያ ቴላንጂኤክታዚያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም ይይዛቸዋል። እግራቸው ሚዛን ያጣል፣ ሰውነታቸው ለጨረር እጅግ ስስ ይሆናል፣ ለካንሰርም ይጋለጣሉ።

የዚህ ግኝት ክብደት እዚህ ላይ ነው። ስብራቱ የደረሰው በክሩ ላይ ሆኖ ሳለ ዜናው የተጻፈው በሂስቶኑ ላይ ነው። አንድ ትንሽ ስብራት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኒውክሊዮዞሞች ሲያስተጋቡት፣ የማይታለፍ ትልቅ ምልክት ሆነ ማለት ነው። ምልክቱን የሚለይ ፀረ-አካል በሚያበራ ቀለም ታስሮ ሲጨመርበት፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ኒውክሊየሱ ውስጥ የሚያበሩ ነጥቦች ይታያሉ። በግምት አንዱ ነጥብ አንድ ስብራት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲቆጠሩ ነጥቦቹ ይቀንሳሉ፤ በማግስቱ ጤነኛ ህዋስ ላይ የሚቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ዘዴው ከቤተ ሙከራም ወጥቷል። በ2005 የጀርመን ተመራማሪዎች ሲቲ ስካን ከተነሱ ሰዎች ደም ወስደው በነጭ የደም ህዋሶቻቸው ውስጥ ነጥቦቹ ብቅ ሲሉና መልሰው ሲጠፉ ቆጥረዋል። በ2002 ደግሞ ኤች-2-ኤ-ኤክስ የጎደላቸው አይጦች ተፈጥረው ነበር። አይጦቹ በሕይወት መኖር ቻሉ፤ ክሮሞዞሞቻቸው ግን በቀላሉ ይሰባበሩ ነበር፣ ለጨረርም ደካሞች ሆኑ፣ ወንዶቹም መከኑ። የመጠቅለያው አንድ ክፍል ብቻ ስለጎደለ።

ምልክቱ ከተለጠፈ በኋላ ማን ይመጣል? እዚህ ላይ እርሾ እንደገና ባለውለታ ሆነ። እርሾ ጾታውን ለመለወጥ የሚጠቀምበት ኤች-ኦ የሚባል ኢንዛይም አለው፤ ሥራውም ጂኖሙን አንድ የታወቀ ቦታ ላይ መቁረጥ ነው። ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን ጋላክቶዝ የሚባል ስኳር ሲጨመር ብቻ እንዲሠራ አደረጉት። ስኳሩ ወደ ብልቃጡ ሲገባ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የእርሾ ህዋሳት ሁሉ በአንድ ዓይነት ቦታ ይቆረጣሉ። ከዚያ በየጥቂት ደቂቃው ናሙና እየወሰዱ በስብራቱ ዙሪያ የትኛው ፕሮቲን እንደደረሰ መመርመር ይቻላል። በ2004 በስዊዘርላንድ የሱዛን ጋሰር ቡድንና በቴክሳስ የሹዌቶንግ ሼን ቡድን በዚህ ዘዴ ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። ኢኖ-80 የሚባለው አደራጅ ፎስፌት የተለጠፈበትን ሂስቶን ተከትሎ ስብራቱ ጋ ይደርሳል። ፎስፌቱ የሚለጠፍባት ቦታ ከተለወጠች ግን አመጣጡ ይደክማል።

ሁለቱ ጽሑፎች በአንድ መጽሔት ጎን ለጎን ታተሙ፤ ከዚያ ወዲህ የክሮማቲን አደራጆች የዘረመል ንባብን ብቻ የሚያግዙ ናቸው የሚለው አስተሳሰብ ተለወጠ። የሚሠሩት ሥራም እየጠራ መጣ። የተበጠሰው ጫፍ በትክክለኛው መንገድ እንዲጠገን፣ መጀመሪያ አንዱ ክር ተመልጦ ሌላው ብቻውን መቅረት አለበት፤ ያ ነጠላ ክር ነው በሌላኛው የዘረመል ቅጂ ውስጥ አቻውን ፈልጎ የሚያገኘው። ኒውክሊዮዞሞቹ ካልተነሱ ግን መመለጡ ይጓተታል።

አንዳንዱ የክሮማቲን ክፍል ደግሞ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ የታሸገ ነው። እዚያ ውስጥ ያው ጽሑፍ በተደጋጋሚ፣ በሺዎች ጊዜ፣ ተጽፎ ይገኛል። ስብራት እዚያ ቢደርስና አቻ ፍለጋው በዚያው መሀል ቢካሄድ፣ ጫፉ ተሳስቶ ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ሊገጣጠም ይችላል። በ2011 አሜሪካ ውስጥ ኢሬኔ ኪዮሎ፣ ጋሪ ካርፐንና ባልደረቦቻቸው የፍራፍሬ ዝንብ ህዋስን በሕይወት እያለ በማይክሮስኮፕ ሲከታተሉ ያልተጠበቀ ነገር አዩ። ጥቅጥቅ ባለው ክፍል ውስጥ የተበጠሰው ክር፣ ጥገናው እዚያው ተጀምሮ ሳለ፣ ከክፍሉ ወደ ዳር ይወጣል። አቻ የሚፈልገው ፕሮቲን የሚያርፍበት ከወጣ በኋላ ነው። የታሸገው ክፍል ራሱም ይሰፋል። ህዋስ ስህተትን ለማስቀረት የተበጠሰውን ክር ከአደገኛው ሰፈር አውጥቶ ይጠግነዋል ማለት ነው። በጥገና ሳይንስ ውስጥ ይህን ያህል የሚያስደንቅ ምልከታ ብዙ አይገኝም።

የፀሐይ ነገር ደግሞ ለኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ ቅርብ ነው። ከባህር ጠለል በየ1000 ሜትሩ ከፍ በተባለ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ትገኛለች። ይህ ጨረር በዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ፊደላትን እርስ በርስ ያጣብቃል። ጠጋኞቹ ኢንዛይሞች የተጣበቁትን ጨምረው ወደ 30 የሚጠጉ ፊደላትን ከአንዱ ክር ቆርጠው ያወጣሉ፤ ክፍተቱም ከሌላኛው ክር እየታየ ይሞላል። ይህ ጥገና ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በ1968 ያሳዩት ጄምስ ክሊቨር ናቸው። ዜሮደርማ ፒግመንቶዘም የሚባል የቆዳ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ህዋስ የአልትራቫዮሌትን ጉዳት መጠገን እንደማይችል አረጋገጡ። እነዚህ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ፀሐይ ባረፈበት ቆዳ ላይ ካንሰር ይወጣባቸዋል።

ከዚሁ ጥገና ጋር የተያያዘ ሌላ ሕመም አለ፤ በ1936 በገለጹት እንግሊዛዊ ሐኪም በኤድዋርድ ኮኬይን ስም ይጠራል። ሕፃኑ ማደግ ያቆማል፤ ዓይኑና ጆሮው ይደክማሉ፤ ገና ልጅ ሳለ ያረጀ ይመስላል። ፀሐይ ቆዳውን ታቃጥለዋለች፣ የቆዳ ካንሰር ግን አይዘውም። በአብዛኞቹ እነዚህ ታማሚዎች ላይ የተበላሸው ዘረመል የሚያመርተው ሲኤስቢ የሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ የስዊች-ስኒፍ ቤተ ዘመድ ነው። ዘረመል የሚያነበው ኢንዛይም ጉዳት አጋጥሞት ሲቆም ሲኤስቢ ደርሶ ጠጋኞቹን ይጠራል። ጠሪው ሲጠፋ ንባቡ እንደቆመ ይቀራል፤ ህዋሱም ይዳከማል ወይም ይሞታል።

ለሁሉም ጉዳት ኤቲፒ የሚያቃጥል ማሽን ያስፈልጋል ማለትም አይደለም። በ2019 የባዝልና የቶኪዮ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ የአልትራቫዮሌትን ጉዳት መጀመሪያ የሚለየው ፕሮቲን ከኒውክሊዮዞም ላይ ሳይወርድ ክሩን በጥቂት ፊደል ብቻ ያንቀሳቅሰዋል። ወደ እምብርቱ ፊቱን አዙሮ የነበረው ጉዳት በዚህች ትንሽ እንቅስቃሴ ወደ ውጭ ይዞራል፣ ፕሮቲኑም ይይዘዋል።

ክሩ ሲጠገን ሥራው አላለቀም። የቆዳ ህዋስ የቆዳ ህዋስ ሆኖ የሚኖረው፣ የጉበትም ጉበት ሆኖ የሚኖረው፣ የትኛው የዘረመል ክፍል እንደታሸገና የትኛው እንደተከፈተ መጠቅለያው ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ የተፈታው ሁሉ ልክ እንደነበረ መመለስ አለበት። ፓሪስ በሚገኘው ኩሪ ኢንስቲትዩት ዠንቪየቭ አልሙዝኒ የሚመሩት ቡድን ይህን ለዓመታት አጥንቷል። በ2006 ሶፊ ፖሎ፣ ዳንኤል ሮሽና አልሙዝኒ የሰውን ህዋስ አንድ ቦታ ብቻ በአልትራቫዮሌት መትተው፣ ካፍ-1 የሚባል ፕሮቲን አዳዲስ ሂስቶኖችን በተጠገነው ቦታ ላይ ሲያኖር አሳዩ። አዲሱ ሂስቶን ግን የቀድሞው ምልክት የለውም። ታዲያ የቆየው ማስታወሻ የት ይሄዳል? ከአሥር ዓመት በኋላ ፖሎና ባልደረቦቻቸው አሮጌዎቹን ሂስቶኖች ቀለም አስይዘው ሲከታተሉ፣ ከጉዳቱ ቦታ ወደ ዳር ሸሽተው ቆይተው ብዙዎቹ ተመልሰው ሲገቡ ተመለከቱ።

መመለሱ ሁልጊዜ ፍጹም ካልሆነስ? የሃርቫርዱ ዴቪድ ሲንክለርና ባልደረቦቻቸው በ2023 ያወጡት ጥናት በዚህ ላይ ያነጣጥራል። በአይጦች ውስጥ ዲኤንኤን የሚቆርጥ ኢንዛይም ለሦስት ሳምንት ያህል አሠሩ፤ ቁርጦቹም የዘረመሉን ጽሑፍ ሳይለውጡ ተጠገኑ። ሆኖም አይጦቹ ከወራት በኋላ ከእኩዮቻቸው ቀድመው የእርጅና ምልክት አሳዩ። አጥኚዎቹ ምክንያቱ የመጠቅለያው ሥርዓት መዛባት ነው ይላሉ። ሌሎች ሳይንቲስቶች ትርጓሜውን ይሞግታሉ፤ ህዋሳቱን የጎዳው ቁርጡ ራሱ ሊሆን ይችላል ባይ ናቸው። ክርክሩ አልተዘጋም፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ነው።

ወደ ካንሰር እንመለስ። ሲጋል ካዶክና ባልደረቦቻቸው በ2013 እንዳሰሉት፣ ከሰው ካንሰሮች ወደ 20 በመቶ በሚጠጉት ውስጥ ከስዊች-ስኒፍ ማሽን ክፍሎች ቢያንስ የአንዱ ዘረመል ተበላሽቶ ይገኛል። ከክፍሎቹ አሪድ-1-ኤ የሚባለው በአንድ የኦቫሪ ካንሰር ዓይነት ግማሽ ያህሉ ታማሚዎች ላይ ተበላሽቶ ታይቷል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የማሽኑ መበላሸት ሁልጊዜ ጂኖሙን ያሰባብራል ማለት ስህተት ነው። ራብዶይድ የሚባለው የሕፃናት ካንሰር የሚመጣው ስማርክ-ቢ-1 የሚባል የማሽኑ ክፍል ሲጠፋ ነው፤ ሆኖም የእነዚህ ዕጢዎች ጂኖም ከዚህ ሌላ እምብዛም ለውጥ የለበትም። እዚያ ጉዳቱ የመጣው መከፈት የማይገባቸው ዘረመሎች ተከፍተው፣ መከፈት የሚገባቸው ተዘግተው ነው። አሪድ-1-ኤ ግን ስብራት ጋ ይደርሳል፤ እሱ የሌላቸው ህዋሳትም በጥገና ደካሞች ናቸው።

የህዋስን የጥገና ድካም ለሕክምና የሚጠቀም መድኃኒት አለ። ፓርፕ የሚባል ኢንዛይም ዲኤንኤ በተጎዳ በሰከንዶች ውስጥ ቦታው ላይ ደርሶ ረጅም የኬሚካል ሰንሰለት ይዘረጋል፤ ሌሎች ፕሮቲኖችም ሰንሰለቱን ተከትለው ይመጣሉ። በ2005 ሁለት ቡድኖች ብራካ የሚባለው የጥገና ዘረመል የተበላሸባቸው የካንሰር ህዋሳት ፓርፕ ሲታገድባቸው እንደሚሞቱ፣ ጤነኞቹ ግን እንደሚተርፉ አሳዩ። ኦላፓሪብ የተባለው መድኃኒት በዚህ መንገድ ተሠርቶ በ2014 ብራካ ለተበላሸበት የኦቫሪ ካንሰር በአሜሪካና በአውሮፓ ተፈቀደ። ችግሩ ብዙ ዕጢዎች ከጊዜ በኋላ መድኃኒቱን መልመዳቸው ነው።

በፓርፕ ሰንሰለት ከሚጠሩት አንዱ ኤኤልሲ-1 የሚባል የክሮማቲን አደራጅ ነው። በ2009 ሁለት ቡድኖች ይህ ፕሮቲን ሰንሰለቱን ይዞ ጉዳቱ ጋ እንደሚደርስ፣ እዚያም ኒውክሊዮዞሞችን እንደሚያንሸራትት አገኙ። በ2021 ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ የተሠሩ ጥናቶች፣ ብራካ የሌላቸው ህዋሳት ኤኤልሲ-1 ሲወሰድባቸው በጣም ባነሰ የኦላፓሪብ መጠን እንደሚሞቱ አሳዩ። ክሩ ካልተፈታ ሌሎቹ ጠጋኞች መግቢያ ያጣሉ፤ መድኃኒቱም ፓርፕን ጉዳቱ ላይ አጣብቆ ያቆየዋል። ብራካቸው ጤነኛ የሆኑ ህዋሳት ግን ኤኤልሲ-1 ባይኖራቸውም ኑሯቸውን ይቀጥላሉ። ኤኤልሲ-1ን የሚያግዱ ሞለኪውሎችም እየተፈተሹ ነው።